ራሱን በራሱ የፈጠረው የንግሥቴ ወንድም

ንግሥቴ ዳኘው የታናሽ ወንድሟን የሕይወት ታሪክ የሰማችው በኮምፔንሳቶ ግድግዳ በኩል ነው። ለአዲሱ ሱቁ ምረቃ ብላ ትናንት ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መጥታ፣ ያስተኟት ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ክፍል ትባላለች እንጂ የተበላሸ ፍሪጅ፣ የሳሙና ካርቶንና መሐሉ የሰመጠ ፍራሽ የተፋፈጉባት ጉረኖ ናት። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያቷን ደግማ ሳትጨርስ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠራረገና በለቅሶ ቤት ድምፅ ማንበብ ጀመረ፦ «አቶ ሀብተሚካኤል ዳኘው ከአባታቸው ከአቶ ዳኘው አብተውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው እናታቸውን በሞት የተነጠቁት አቶ ሀብተሚካኤል፣ ያለ ማንም ረዳት፣ በሃምሳ ብር መነሻ ብቻ፣ ራሳቸውን በራሳቸው የፈጠሩ ታላቅ ነጋዴ ናቸው…»

ንግሥቴ ጸሎቷን አቋርጣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። እናቷ አለች፤ ደግ፣ ነፍሷን ይማር። አባቷም አለ፤ ልጁ በሆድ እያለ ቡና ለቀማ ብሎ ጅማ ወርዶ እንደ ወጣ የቀረው አባቷ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከነአባቱ ስም ተጠርቷል። ሃምሳ ብሩም አለ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሃምሳ ብር የሚባል ነገር ከታየ ዓይኗ ይጥፋ፤ ነገር ግን ሃምሳ ብር ሆዬ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ስም አግኝቶ፣ እንደ ሰው ይነበባል። የሌለችው እሷ ናት። እስከ መጨረሻው ሰማች፤ የቡሬው ኪዮስክ ተነበበ፣ የጅምላ መጋዘኑ ተነበበ፣ ሽንዲ ድረስ ዕቃ የሚያደርሰው አይሱዙ ተነበበ፣ ሥራ የፈጠረላቸው ወጣቶች ተነበቡ። እናት አልባ ሕፃን አዝላ ጨው ስለምትቸረችር አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን አንድ ቃል አልወጣም።

ነጠላዋን ደርባ ሳሎን ስትገባ፣ አንባቢው መስተዋት ፊት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ይለማመዳል። ጡረተኛው መምህር ስመኘው ነው። በፍኖተ ሰላም ስመኘውን የማያውቅ የለም፤ ባይወዱትም አንድ ቀን ያሻቸዋል። የእድር ጸሐፊ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የሞተ ሰው ሁሉ ታሪኩ የተጻፈው በእሱ እጅ፣ በመቃብር አፋፍ የተነበበውም በእሱ አፍ ነው። ስመኘው ያላነበበለት ሟች እንደ ዶሮ ተቀበረ ይባላል። ሰካራሙን «ጨዋታ አዋቂ»፣ ቋጣሪውን «ቁጥብ»፣ ሚስቱን የሚደበድበውን «ቆራጥ» እያለ ስንቱን ኃጢአተኛ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ አፈር አልብሷል። ሀብተሚካኤል የቁም ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ፣ ሌላ ማንን ያገኛል?

«እንደምን አደሩ እሜቴ!» አለ ስመኘው እጅ ነስቶ። «ሰሙት እንዴ? እንዴት ነው፣ አማረ?»

«አማረ። እኔን የት ጋ ነው የሸጎጥከኝ?»

ስመኘው ወረቀቱን አገላበጠ፤ እውነት የሚያገኛት ይመስል። «እሜቴ፣ ይኸ እኮ የስኬት ታሪክ ነው። የስኬት ታሪክ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ሰው ደስ የሚለው ከምንም ተነሳ ሲባል ነው። እህት ካለች… እንግዲህ ምንም አይባልም።»

«ገባኝ። እኔ ስገባበት ምንምነቱ ይበላሻል።»

«እንደዚያ እንኳ ማለቴ…»

«ራሱን በራሱ ፈጠረ ያልከውስ? እግዜር እንኳ ሌላውን ነው የፈጠረ፤ ራሴን ፈጠርኩ አላለም። ይኼን ስታነብ መብረቅ አትፈራም?»

ይኸን ጊዜ ሀብተሚካኤል ከመኝታ ቤት ወጣ። ሃያ ሁለት ሺህ ብር የወጣበት ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ክራባቱ ግን እንደ ተፈታ ጥጃ ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ስልኩ ይከተላል፣ እሱ በመሐል ነው። የእህቱን ፊት ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ዓይኑን ወደ ክራባቱ መለሰ።

«እታለም፣ ሦስት መቶ ኮፒ ታትሟል እኮ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ወረቀቱን ተወው። ወረቀት ላንተና ለስመኘው ነው፤ እኔ እንደሁ አላነበው። በሰው ፊት ስሜን ጥራ። ንግሥቴ አሳደገችኝ በል። ሌላ ከቤትህ የምፈልገው የለም።»

ሀብተሚካኤል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዕቃ የሚያከፋፍሉለት ሰዎች ከባሕር ዳር እየመጡ መሆኑን፣ መንገድ ክፍት በሆነበት ሳምንት ይኼን ማድረጉ ዕድል መሆኑን፣ የዛሬ ሰው ታሪክ አይቶ ውል እንደሚዋዋል፣ ከጉልት ተነሳ ማለትና ከካፒታል ተነሳ ማለት ልዩነት እንዳለው፣ ሁሉንም ወለሉን እያየ ዘረዘረ። ጉልት የምትለዋን ቃል ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልክ በሽታ እንደሚጠራ ሰው። ያች ጉልት የእሷ ናት። ከቡሬ ገበያ በታች በኩል፣ በጋሪ መቆሚያው አጠገብ፣ ክረምት ከበጋ ጆንያ ዘርግታ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችባት። እሱም ከዚያች ጆንያ ላይ ድሆ፣ ከዚያች ጆንያ ላይ ቆሞ ሄዷል። ንግሥቴ ይኸን ሁሉ ልትለው ትችል ነበር። በመካከላቸው ያለችው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ነበረች፤ ሁለቱም እሷን አዩ። ስመኘው ሦስት ጊዜ ሳለ። በመጨረሻ የሀብተሚካኤል ሚስት ሥርጉት አዲስ ቀሚስ በላስቲክ ይዛ ገባችና፣ «እትየ፣ ይኸን ይልበሱ እስቲ፣ ፎቶ አለ» አለች። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የሚል ወረቀት እጅጌው ላይ ተንጠልጥሏል። ንግሥቴ ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ «ይኸስ ያምራል፤ የሚለብሰው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም» ብላ፣ በቡሬ ቀሚሷ እንደሆነች ወጣች።

የገበያ ቀን ነበር። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የፈረስ ጋሪና ባጃጅ ይጋፋሉ፤ በርበሬ የጫነ፣ ጤፍ የጫነ፣ ከሊበን ድረስ የመጣ እንግዳ የጫነ። በዚህ መሐል አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ጣሪያዋ ላይ ሞንታርቦ ተሸክማ፣ ከኋላዋ የሀብተሚካኤልን ፎቶ በአበባ ክፈፍ ለጥፋ፣ እንደ ከበረ ሬሳ ቀስ እያለች ትዞራለች። ከሞንታርቦው ዋሽንት ይወጣል፤ አንጀት የሚበላው ዓይነት ዋሽንት። ከዋሽንቱ ሥር የስመኘው ድምፅ፦ «አቶ ሀብተሚካኤል ዳኘው፣ ከአባታቸው ከአቶ ዳኘው አብተው፣ ከእናታቸው…» መልእክቱ ረጅም ነው፤ ስለ ሱቁ የሚናገረው መጨረሻው ላይ ነው፤ ባጃጇ ግን እየሄደች የምታነብ ስለሆነ፣ መንገድ ዳር ያለ ሰው የሚደርሰው ልደቱና የአበባ ክፈፉ ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አማተበች።

«እሜቴ፣ ማን ነው ያረፈ?»

«ማንም አላረፈ። ሱቅ ሊከፈት ነው።»

«ኧረ ወዲያ! ስመኘው እኮ ነው የሚያነብ!» አለች ሴትዮዋ፣ በንግሥቴ አለማወቅ አዝና። «ነፍስ ይማር፣ ፎቶውን ስታይው ደልዳላ ሰው ነበር።»

ንግሥቴ ባጃጇ እስክትታጠፍ ቆማ አየች። ባለ ባጃጁ ወደ ገበያው መሐል፣ የወምበርማ ሰዎች እህል ወደሚያወርዱበት ነው የሄደው። ከዚያ ሰፈር ደግሞ ከእናታቸው ቀበሌ የመጣ ሰው አይጠፋም። ተመልሳ ለወንድሟ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ድምፅ አስቁም፣ አገር ይሸበራል» ልትለው አሰበች። እግሯም ሁለት ርምጃ ተመልሶ ነበር። ከዚያ «ያለ ማንም ረዳት» የምትለዋ ነገር ትዝ አለቻትና፣ ረዳት የሌለው ሰው ምን ምክር ያሻዋል ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሱቁ እንኳ ሱቅ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ አትልም፣ የሆነውንም አልሆነም አትልም። በሩ መስተዋት ነው፤ መስተዋት መሆኑን ያላወቀ አንድ ገበሬ ግንባሩን አግኝቶበት ቆሞ ያሻል። ከውስጥ እንደ ሆስፒታል የነጣ መብራት፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ፤ ዘይቱ አምስት ሊትሩ ሺህ ስድስት መቶ፣ ስኳሩ፣ ብስኩቱ፣ የውሻ ምግብ ሳይቀር፤ በዚህ ከተማ የውሻ ምግብ የሚገዛለት ውሻ ካለ ንግሥቴ ልታየው ትወዳለች። ጨው በላስቲክ ታሽጎ፣ ዓይነ ግቡ ሆኖ፣ ከሻምፖ ጎን ቆሟል። አንዱን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። ካሸሯ፣ ሳሌም የምትባል ጥፍሯን ያስረዘመች ልጅ፣ «እማማ፣ ካልገዙ ባይነኩት» አለቻት። «አልነካሁትም ልጄ፤ እየተጨባበጥን ነው» አለች ንግሥቴ፤ «ድሮ እንተዋወቃለን።» ልጅቷ እንኳን ጨውን፣ ንግሥቴንም ማን እንደሆነች አላወቀችም፤ ማንስ ነግሯት?

ከሱቁ ፊት ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሻም፤ በከተማው ድንኳን ያለው እድሩ ብቻ ነው። ወንበሮቹም የእድሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ «የመረዳጃ እድር ንብረት» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ንግሥቴ ባታነበውም ያን ቀይ ጽሑፍ በስንቱ ለቅሶ ላይ ተደግፋው ታውቀዋለች። በሩ ላይ ያ የአበባ ክፈፍ ያለው ፎቶ በሰው ቁመት ልክ ተሰቅሏል። የሱቁ ሠራተኞች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ የጌታቸው ምስል ያለበት ጨርቅ ለጥፈው፣ እጃቸውን ከፊት አጣምረው ቆመዋል። የፊት ወንበሮቹ ለተጋባዥ እንግዶች ናቸው ተብሎ ገመድ ታስሮባቸዋል። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ አስተናጋጅ ንግሥቴን ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ አስቀመጣት፤ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ነዳጅ የለውም፣ ግን አዲስ ነውና እንግዳ ያየዋል ተብሎ ነው የወጣው። ከእሷም ከጄኔሬተሩም ዛሬ የሚፈለገው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ተባለ፤ ስድስት ተኩል ተባለ። የባሕር ዳሮቹ መጥተው ፊት ተቀመጡ። አንድ ትልቅ እንግዳ ገና አልደረሰም። ሀብተሚካኤል ከውስጥ፣ ከመጋዘኑ አልወጣም፤ እንግዳው ሲደርስ በጭብጨባ እንዲወጣ ነው ዕቅዱ። ሕዝቡ እንዳይሰለች ስመኘው ማይክራፎን ተሰጠው፤ ማይክራፎን ለስመኘው መስጠት ለአህያ ገብስ ማሳየት ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ፤ «አቶ ሀብተሚካኤል ዳኘው…» ሲል፣ ሃያ ዓመት የለመዱት የከተማው ባልቴቶች ሳያስቡት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

አንድ አይሱዙ የመጣው ይኼኔ ነው። ሩቅ ሳለ ነው የተሰማው፤ ሞተሩ አይደለም፣ በላዩ ያሉት ሰዎች። ነገሩ ኋላ ሲጣራ፣ ተስፋው የሚባል የቀበሌያቸው ልጅ ገበያ ላይ ባጃጇን ሰምቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ ስመኘውን ለይቶ፣ ስልክ መትቷል፤ «ሀብተሚካኤል አርፏል፣ ታሪኩ እየተነበበ ነው፣ ለቀብሩ ድረሱ!» አርባ ሰው በአንድ መኪና ተጭኖ፣ አገልግሉንና የጠላ ጀሪካኑን ለእዝን ይዞ፣ ወንዱ ጋቢውን አጥብቆ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከተፍ አለ። መኪናው ሳይቆም ነው የወረዱት። ምናልባት ሌላ ሰው ቢሆን ሊጠራጠር ይችል ነበር፤ እነሱ ግን ምን ይጠራጠሩ? ድንኳን አለ፣ የእድር ወንበር አለ፣ ፎቶ በአበባ አለ፣ ጥቁር የለበሰ አለ፣ ስመኘው እያነበበ ነው። የጎደለው ሬሳው ብቻ ነበር፤ እሱም እውነት ለመናገር መጋዘን ውስጥ ነበር።

«ወየው ሀብቴ! ወየው የንግሥቴ ጌጥ!»

ደረት እየመቱ ገቡ። ገመዱን በጠሱት። የባሕር ዳሮቹ ወንበራቸውን ይዘው ተነሱ። ሥርጉት «ኧረ ምንድን ነው!» ብትል፣ አቅፈው አስለቀሷት። ነገር ግን ዋናው ለቅሶ ወደ እሷ አልሄደም። የአገር ሰው ሐዘንተኛ ፍለጋ ዓይኑ አይስትም፤ ሁሉም በወንበሩ መሐል እየተንሸራተተ ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ወደ ጄኔሬተሩ ነው የጎረፈው። እግሯ ላይ ወደቁ፣ አንገቷን አነቁ፣ «ምነው ንግሥቴ፣ ልጅሽን! ምነው ንግሥቴ!» አሏት። ከሁሉ ፊት ፋናዬ ነበረች፤ ያገሩ ሁሉ ሙሾ አውራጅ፣ ከንግሥቴ ጋር አብራ ጨው የቸረቸረች፣ ጉሮሮዋ ሰባ ዓመት ያልሰለለ። ንግሥቴን በሁለት እጇ ይዛ ወዲያ ወዲህ እያለች አወረደችው፦

እናቱ ብትሞት እህት ያዘለችው፣
በጨው ኬሻ መሐል ጥርስ ያስበቀለችው፣
አፉን ያስፈታችው በገበያ መሐል፣
ሀብቴ ጥሏት ሄደ፣ ንግሥቴ ምን ትበል።

ንግሥቴ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «ሞኞች፣ ልጁ ደኅና ነው፣ መጋዘን ነው ያለው» ብትል፣ ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ነገር ግን ጠዋት ጀምሮ ልትሰማው የፈለገችው ነገር፣ ወንድሟ በሃያ ሁለት ሺህ ብር ሱፍ የነፈጋት ነገር፣ ይኸው ከአርባ ሰው አፍ በነፃ እየወረደ ነው። የባሕር ዳሮቹ ይሰማሉ። ሳሌም ጥፍሯን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ስመኘው ማይክራፎኑን እንደያዘ አፉን ከፍቷል፤ ማይክራፎኑም የፋናዬን ድምፅ እየያዘ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ያደርሰዋል። ንግሥቴ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ለንስሐ አባቷ የምትነግረው ነገር ካገኘች ደግሞ ቆይታለች። ፋናዬም ዙሪያዋን ቃኘችና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሌላ ጨመረች፦

ድንኳኑ ተተክሎ ወንበሩ ተደርድሮ፣
ንግሥቴ ከኋላ ምነው ቀረች ዘንድሮ!

በዚህ መሐል የመስተዋቱ በር ተከፈተ። ሀብተሚካኤል ጩኸቱን ጭብጨባ መስሎት እጁን እያውለበለበ፣ ፈገግ ብሎ ወጣ። እንግዲህ ያን ጊዜ የሆነውን መናገር ያስቸግራል። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወንበር ሥር ገባች። ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘው አማተቡ። ተስፋው አይሱዙው ኋላ ተደበቀ። ፋናዬ ብቻ ሙሾዋን እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «አይ አንተ! ወፍረህ ነው እንጂ የሞትከውስ አልሞትክም!» አለች። ከዚያ ሳቅ ሊመጣ ሲል፣ መሪጌታ ቂርቆስ መቋሚያቸውን መሬት መትተው ሁሉን ዝም አሰኙ። እሳቸው ከአይሱዙው የወረዱት በጋቢና ነበር፤ ፍትሐት ሊያደርሱ።

«ይኸ የሚሳቅበት አይደለም። ለቆመ ሰው ሙሾ ወርዷል፤ በወንድ ልጅ ስም ደረት ተመትቷል። ይኸ ሟርት ነው፤ እንዲሁ አይታለፍም።»

ሀብተሚካኤል የሱፉ ቀለም ፊቱ ላይ ወጣ። ሰው መስተዋት በር ቢያስገባም ነጋዴ ነጋዴ ነው፤ ጠዋት የመጀመሪያው ገዢ እጁ ካልቀና ቀኑን ሙሉ ይበሳጫል፣ ከመሸ መርፌ አይሸጥም፤ በገዛ ምረቃው ቀን ሙሾ ተወርዶለት እንቅልፍ ሊተኛ? «ታዲያ ምን ይሻላል መሪጌታ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«የተለቀሰበት ካሳደገው አፍ ምርቃት ይቀበላል። እናትህን ስትሞት እኔው ነኝ የፈታኋት። ያሳደገችህ እነሆ ቁጭ ብላለች። ተንበርከክ፣ ትመርቅህ፤ ሟርቱ ይፈርሳል።»

ሁሉም ወደ ጄኔሬተሩ ዞረ። ሀብተሚካኤል በወንበሮቹ መሐል መጥቶ፣ ሱፉን ከጉልበቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ። ንግሥቴ አልተነሳችም፤ እጇንም አላነሳችም።

«ማንን ነው የምመርቅ?» አለች።

«ወንድምሽን ነዋ» አሉ መሪጌታ።

«የቱን ወንድሜን? ስመኘው ሲያነበው የዋለው ሰውዬ ራሱን በራሱ የፈጠረ ነው። ረዳት የለውም፤ እህት የለውም። እኔ የማላውቀውን ሰው መርቄ አላውቅም፤ ለማያውቁት ሰው መመረቅ እግዜርን ማታለል ነው።»

ሹክሹክታ ተነሳ። የአገሩ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ «አልጠቀሳትም እንዴ?» የሚል ከዚህም ከዚያም ተሰማ። ስመኘው ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተ። ሀብተሚካኤል ቀና ብሎ እህቱን አየ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን አትኩሮ ሲያይ ይኸ የመጀመሪያው ነው።

«እታለም፣ በሰው ፊት…»

«ከሰው ፊት ሌላ የት ሊባል ኖሯል? እኔና አንተማ እናውቀዋለን።»

ተነሳ። የባሕር ዳሮቹን አየ፤ እነሱም እሱን፤ አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ከስመኘው እጅ ማይክራፎኑን ወሰደና ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ደንበኛ ፊት እንደሚናገር ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ክቡራንና ክቡራት፣ ከታሪኩ ውስጥ በጽሑፍ ስህተት የተዘለለ…» ብሎ ሲጀምር፣ መብራት ጠፋ። ሱቁ በአንድ ጊዜ ጨለመ፣ ፍሪጆቹ ተንፍሰው ዝም አሉ፣ ማይክራፎኑ ሞተ። አስተናጋጁ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠና ገመዱን ሁለት ጊዜ ጎትቶ፣ አፍሮ ተመለሰ። ሰው እስከ መንገዱ ማዶ ሞልቷል፤ ነጋዴው በለሰለሰው ድምፁ ቢናገር ሦስተኛው ረድፍ አይደርስም።

«አይሰማም!» አለች ፋናዬ።

ሀብተሚካኤል ክራባቱን አላላ። እንደገና አላላና ጭራሽ አወጣው። ደረቱን ነፋ፤ የቡሬ ገበያ ላይ ጨው ሲጮህ ከኖረበት ከዚያ የድሮ ቦታ፣ ሃያ ዓመት ያልወጣ ድምፅ ወጣ፦

«ንግሥቴ ናት ያሳደገችኝ! ሃምሳ ብር ውሸት ነው፣ ሃምሳ ብር አልነበረኝም! ቦታዋን የሰጠችኝ፣ ደንበኛዋን የሰጠችኝ እሷ ናት! እኔ መሸጥ አላውቅም ነበር!»

ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ካራውን አቆመ። የፈረስ ጋሪ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። መሪጌታ ቂርቆስ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ሥርጉት የነጠላዋን ጫፍ ታጣጥፋለች። ንግሥቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ምን አለ?» ብላ ፋናዬን ጠየቀች።

«ምን አለ ትለኛለች! ኮቴ የሌለው ድመት የምትሰማ ሴትዮ!»

«አልሰማሁትም። ይድገመው።»

ሀብተሚካኤል ደገመው። በዚህኛው የኪዮስኩን ኪራይ ማን እንደተበደረለትም፣ ለፍርሃቱ ብላ ሦስት ዓመት ከጀርባው ቆማ ዋጋ ስትጠራለት እንደኖረችም ጨመረ። መሐል ላይ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሲጨርስ ተንበረከከና፣ ግንባሩን ወደ ጉልበቷ ዝቅ አደረገ። ንግሥቴ ራሱን አየች፤ መሐሉ ሳስቷል፣ ሽበቱን በቀለም ሸፍኖታል። እጇ ሊያርፍበት ተነስቶ፣ አየር ላይ ቆመ።

«አሁንስ ሰማሁ» አለች። «ተነስና አንድ ጊዜ ድገምልኝ፤ ቀስ ብለህ። ስመኘው ይጽፋል።»